ለታመመ ሰው አልጋ አጠገብ የሚሆን ሃርፕ ስትመርጡ መጀመሪያ ኪሎውን ጠይቁ

ሃርፕ (በጣት የሚመታው ባለ ብዙ ክር የፈረንጅ መሳሪያ) ልገዛ ነው፣ ስንት ክር ያለው ይሻለኛል ብላችሁ ለምትጠይቁኝ መልሴ ሁሌም አንድ ነው፣ ክሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ኪሎውን ጠይቁ። ይሄን የምለው መድረክ ላይ ለሚጫወት ሰው አይደለም፣ ሆስፒስ (በህይወታቸው መጨረሻ ላይ ላሉ ሰዎች እንክብካቤ የሚሰጥበት) ወይ ሆስፒታል ወይ ሰው ቤት ሄዶ የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ለሚጫወት ሰው ነው፣ እኔም የምሰራው እሱን ነው። የምኖረው ሚኒሶታ ነው፣ አገር ቤት እያለሁ ክራር እጫወት ነበር፣ እዚህ መጥቼ ነርሲንግ ሆም ስሰራ አንዲት ሴትዮ ትንሽ ሃርፕ በጀርባዋ አዝላ እየመጣች ለአረጋውያኑ ስትጫወት አየሁና ልቤ እዛው ቀረ፣ ከዛ ተማርኩ፣ አሁን እኔም እጫወታለሁ። በነርስነትና በሆም ኬር የሚሰሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በዚህ ነገር ላይ ብዙ እየጠየቁኝ ስለሆነ የማውቀውን በአማርኛ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስራውን በደንብ እንወቀው፣ ምክንያቱም መሳሪያውን የሚመርጥላችሁ ስራው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሚውዚክ ቴራፒስት የሚባለው በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የተማረ፣ ለበሽተኛው የህክምና ግብ አውጥቶ የሚሰራ ባለሙያ ነው። እኛ ደሞ ቴራፒዩቲክ ሚውዚሽያን እንባላለን፣ የህክምና ግብ አናወጣም፣ አልጋው አጠገብ ሆነን ለሰውየው የዛን ሰዓት ሁኔታ የሚስማማውን እንጫወታለን። ትምህርቱ አለው፣ ለምሳሌ ሚውዚክ ፎር ሂሊንግ ኤንድ ትራንዚሽን የሚባለው ፕሮግራም አለ፣ ክርስቲና ቱሪን የመሰረተችው ኢንተርናሽናል ሃርፕ ቴራፒ ፕሮግራምም አለ፣ ሰርተፊኬት ሳይያዝ የማያስገቡ ሆስፒታሎች ስላሉ ከመሳሪያው ጎን ለጎን እሱንም አስቡበት። እዛ የምትማሩት ትልቁ ነገር ማየት ነው፣ የበሽተኛውን ደረት እያያችሁ ከትንፋሹ ጋር ትሄዳላችሁ፣ እየፈጠነ ከሆነ እዛው ትጀምሩና ቀስ በቀስ እያዘገማችሁ ይዛችሁት ትወርዳላችሁ። ይሄ ማለት ዓይናችሁ ሰውየው ላይ ነው፣ ክሩ ላይ አይደለም፣ መሳሪያው የሚከብዳችሁ ወይ ጉልበታችሁ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ዓይናችሁም ሃሳባችሁም ወደ መሳሪያው ይሄዳል፣ ያን ጊዜ ሰውየውን አጣችሁት ማለት ነው።

አሁን ወደ ኪሎው ልምጣ። ኦርኬስትራ ላይ የምታዩት ባለ 47 ክሩ የፔዳል ሃርፕ ወደ 36 ኪሎ ገደማ ነው፣ እሱን እርሱት። ከሱ ዝቅ ብሎ መሬት ላይ የሚቆመው ባለ 34 ወይም 36 ክር የሌቨር ሃርፕ አለ (ሌቨር ምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ)፣ ብዙ አስተማሪዎች ጀማሪ እሱን እንዲገዛ ነው የሚመክሩት፣ ለመማር እውነትም ጥሩ ነው፣ ኪሎው ግን ከ10 ጀምሮ እስከ 15 ይደርሳል። ቤታችሁ ለመለማመጃ ካላችሁ ደስ ይላል፣ ግን ፓርኪንግ ራምፕ ላይ መኪና አቁማችሁ፣ ወደ ሆስፒታሉ የሚያስገባውን ድልድይ ተሻግራችሁ፣ በሊፍት ወጥታችሁ፣ ከዛ ከክፍል ክፍል እየዞራችሁ፣ በየክፍሉ አውርዳችሁ እንደገና ስታነሱት ነው እውነቱ የሚወጣው። ሱቅ ውስጥ አንዴ አንስታችሁ "ኧረ ቀላል ነው" የምትሉት ነገር ከሰዓት በኋላ ትከሻችሁን ይዞ ያወርደዋል። የደከመ ትከሻ ደሞ ጣት ላይ ይታወቃል፣ ድምጹ ይጠነክራል፣ በሽተኛው ይሰማዋል።

እኔ የምጫወትባት ባለ 26 ክር ናት፣ ሃርፕሲክል ትባላለች፣ ኢንዲያና ግዛት ራይዚንግ ሰን በምትባል ትንሽ ከተማ ያሉት ሪስ ሃርፕስ ናቸው የሚሰሯት፣ ክብደቷ ከሁለት ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ብቸኛዋ ናት ማለቴ አይደለም፣ ሌሎችም ሰሪዎች ከ22 እስከ 27 ክር ያላቸው ጭን ላይ የሚሆኑ ይሰራሉ፣ አንዳንዶቹ ድምጻቸው ከኔዋ የበለጠ ሙሉ ነው፣ ግን አራት አምስት ኪሎ ሲገቡ ለኔ ሰውነት ይከብዱኛል፣ ጠንካራ ትከሻ ያለው ሰው ሊመርጣቸው ይችላል። 26 ክር ማለት ከመሃለኛው ዶ አንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው) ወርዶ ካለው ዶ ጀምሮ ሶስት ኦክታቭ ተኩል ያህል ነው፣ ለአልጋ ዳር ይበቃል፣ በጣም ነው የሚበቃው። ከ22 በታች ሲሆን ግን የታችኛው ድምጽ ይጠፋና ቀጭኑ ብቻ ይቀራል፣ ለታመመ ሰው ደሞ የሚያሳርፈው የመሃልና የታችኛው ነው፣ ላይኛዎቹን ስድስት ሰባት ክሮች እኔ አልጋ ዳር ብዙም አልነካቸውም፣ ጆሮ ይወጋሉ።

ሌላው ቦታ ነው። የሆስፒታል ክፍል አይታችኋል፣ በአንድ በኩል የግሉኮስ መስቀያው፣ በሌላ በኩል ሞኒተሩ፣ የምግብ ጠረጴዛው፣ ነርሷ ደሞ በየደቂቃው ማለፍ አለባት። ሃበሻ ታማሚ ከሆነ በዛ ላይ ጠያቂው አለ፣ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፣ ቴርሞስ መስኮቱ ላይ ተደርድሯል፣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ እናንተ ወንበር ልቀቁልኝ አትሉም። ስለዚ ቆማችሁ መጫወት የምትችሉበት መሳሪያ ይሁን፣ ማንጠልጠያ ማሰሪያ የሚገባበት ቁልፍ ካለው እንደ ጊታር ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ ከወገብ ጋር የሚያዝ ማሰሪያ ከጨመራችሁበት ደሞ አይዋዥቅም። ስትገዙ ይሄን ጠይቁ፣ ቆማችሁም ሞክሩት፣ ብዙ ሰው ተቀምጦ ብቻ ነው የሚሞክረው።

ድምጹን ስትፈትሹ ደሞ አንድ ነገር ልምከራችሁ፣ ይሄ በጣም የጠቀመኝ ነው። ሱቅ ስትሄዱ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ እናንተ ስትጫወቱ እሱ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ ወይም ቦታ ካለ ጋደም ይበል፣ ዓይኑን ይጨፍን፣ ከዛ በጣም በጣም በቀስታ ተጫወቱ፣ በጣት ጫፍ ነካ ብቻ እያደረጋችሁ። ጥሩ የአልጋ ዳር ሃርፕ የሚለየው ጮክ ሲል አይደለም፣ በዛ ቀስታ ውስጥም ድምጹ ሙሉ ሆኖ ሲቀር ነው። አንዳንዱ ሃርፕ በሃይል ካልመታችሁት አይናገርም፣ ሱቅ ውስጥ ግሩም ነው፣ ክፍል ውስጥ ግን አይሆንም። ሞርፊን ላይ ያለ ሰው፣ ጭንቅላቱን ኦፕሬሽን የተደረገ ሰው፣ በማይግሬን የሚሰቃይ ሰው ለድምጽ ያለው ስሜት ከኛ የተለየ ነው፣ እኛ ለስላሳ የምንለው ለሱ ሊበዛበት ይችላል። የናይለን ክር ያለውን ምረጡ፣ የብረት ክር ያለው ድምጹ ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ይደበላለቃል፣ ኦንላይን በርካሽ የሚሸጡት ባለ 16 ክር ትናንሽ ላየሮችም (ክራር መሰል መሳሪያዎች) አብዛኞቹ የብረት ናቸው፣ ለቤት መዝናኛ እሺ፣ ለታመመ ሰው ግን አልመክርም።

አሁን ደሞ ሃበሻ ለሆንን ሰዎች በጣም ወሳኝ የሆነው፣ የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ላይ የማታገኙት ነገር፣ ሌቨርና ቅኝት። ሌቨር ማለት ክሩ አናት ላይ ያለች ትንሽ መዘውር ናት፣ ስታነሷት ክሩን በግማሽ ድምጽ ከፍ ታደርገዋለች። ሃርፕ ላይ እንደ ፒያኖ ጥቁሩና ነጩ አብሮ የለም፣ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ብቻ ነው በተራ የተወጠረው፣ ዶዎቹ ቀይ ናቸው፣ ፋዎቹ ጥቁር ወይ ሰማያዊ፣ እሱን እያያችሁ ነው ቦታችሁን የምታውቁት። ሌቨር ከሌለው በተቃኘበት ትቀራላችሁ። ዋጋውን የሚጨምረው ዋናው ነገር ይሄ ሌቨር ነው፣ ስለዚ ስንቱ ላይ ላስገባ የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው።

በዶ የተቃኘ፣ ምንም ሌቨር ያልተነሳ ሃርፕ ላይ የኛን ቅኝቶች ፈልጉ፣ ታገኟቸዋላችሁ። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ብትሉ ትዝታ ሜጀር ነው። ላ ሲ ዶ ሚ ፋ ብትሉ ትዝታ ማይነር። ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ባቲ ሜጀር፣ ላ ዶ ሬ ሚ ሶል ባቲ ማይነር። ከሚ ጀምራችሁ ሚ ፋ ላ ሲ ዶ ስትሉ ደሞ አምባሰል ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ሶስቱም ቅኝት ያለ አንድ ሌቨር! ይሄን መጀመሪያ ያገኘሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ መናገር አልችልም፣ ምክንያቱም የፈረንጅ መሳሪያ ስለሆነ የኛ ነገር አይወጣበትም የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ። የቀረው አንቺ ሆዬ ነው፣ እሱ ያለ ሌቨር አይወጣም፣ ሲ ዶ ሚ ፋ ካላችሁ በኋላ ሶል ሻርፕ (በግማሽ ድምጽ ከፍ ያለ ሶል) ይፈልጋል፣ ስለዚ የሶል ሌቨር ያስፈልጋችኋል። ሌቨሩ ዶና ፋ ላይ ብቻ የሆነ ሃርፕ ከሆነ አንቺ ሆዬ አታገኙበትም፣ በመቃኛ ቁልፍ የሶልን ክሮች እያጠበቃችሁ ካልቀየራችሁ በቀር፣ በሽተኛ ፊት ደሞ እሱን አታደርጉም። ዶ፣ ፋና ሲ ላይ ሌቨር ያለው ከሆነ ግን መላ አለው፣ ሲዎቹን ፍላት (በግማሽ ድምጽ ዝቅ) አድርጋችሁ ትቃኙና የዶን ሌቨር አንስታችሁ ከሚ ስትጀምሩ ሚ ፋ ላ ሲ ፍላት ዶ ሻርፕ፣ አንቺ ሆዬ ነው። ብር ለመቆጠብ የምትፈልጉ ይሄን ያዙ።

አቅም ካላችሁ ግን ሁሉም ክር ላይ ሌቨር ያለውን ግዙ፣ ለኔ ምክንያቱ ቅኝቱ ብቻ አይደለም፣ ሰው አብሮ መዝፈን ስለሚፈልግ ነው። የታማሚዋ ልጅ በቀጭን ድምጿ መዝሙር ትጀምራለች፣ እናንተ በዶ ተቃኝታችኋል፣ እሷ ሌላ ቦታ ላይ ናት፣ ሌቨር ካለ ሁለት ሶስቱን ቶሎ አንስታችሁ ትከተሏታላችሁ። ሙሉ ሌቨር ያለውን ሃርፕ ብዙ ሰው ሚ ፍላት ላይ ይቃኘዋል፣ ሌቨሮቹን እያነሳችሁ ከሶስት ፍላት እስከ አራት ሻርፕ ያሉትን ስምንት ሜጀር ኪዮች (የዜማ መነሻዎች) ታገኛላችሁ። አንዲት የጎንደር እናት የሰርግ ዘፈን ካልተጫወትሽልኝ ብለው አስቸግረውኝ ያውቃሉ፣ የሚፈልጉት ዘፈን አንቺ ሆዬ ላይ ነበር፣ የሶልን ሌቨሮች ሳነሳ ልጆቻቸው ማጨብጨብ ጀመሩ፣ እሳቸውም በተኙበት በትከሻቸው መለሱ። ሌቨር ላይ ያወጣሁት ገንዘብ ያን ቀን ዋጋውን አገኘ።

እዚህ ላይ ስለ ትዝታ አንድ ነገር ልበል። በህይወታቸው መጨረሻ ሰዓት ላይ ላሉ ሰዎች የሚያውቁትን ዜማ አትጫወቱ ብለው ነው የሚያስተምሩን፣ የሚታወቅ ዜማ ሰውን ወደ ትዝታው ይጎትታል፣ ምት ያለው ነገርም እንዲሁ፣ ለዛ ሰዓት የሚመከረው ምት የሌለው፣ የማይታወቅ፣ ከትንፋሹ ጋር ብቻ የሚሄድ ድምጽ ነው። ለኛ ሰው እኔ የማደርገው ቅኝቱን ይዤ ዘፈኑን መተው ነው፣ የትዝታን አምስት ድምጾች ቀስ ብዬ ወደ ታች አወርዳለሁ፣ ግጥም የሚያስታውስ ነገር ግን አላስገባበትም። ለሚያገግም ሰው፣ ለዲያሊስስ ለተቀመጠ ሰው፣ መርሳት ለያዘው አዛውንት ግን በተቃራኒው የሚያውቁትን ተጫወቱላቸው፣ ለነሱ መድሃኒቱ እሱ ነው።

ታዲያ ለምን ክራር አይሆንም የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ክራርን እወደዋለሁ፣ ሰው ቤት ሆስፒስ ላይ ላለ ሃበሻ ታማሚ ክራር ይዤ የምሄድበት ጊዜም አለ፣ ቀላል ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ገና ከቦርሳ ሲወጣ ፊቱ የሚፈካ አባት አለ። ግን ሁለት ችግር አለው። አምስት ወይ ስድስት ክር ስለሆነ ቅኝት ለመቀየር እንደገና መቃኘት አለባችሁ፣ የታችኛው ድምጽም ያንሳል። ሁለተኛው ሆስፒታል ውስጥ የሚያስቀረው ነገር ነው፣ ፊቱ ቆዳ ነው፣ ቆዳ በዲስኢንፌክታንት አይጠረግም፣ ያንን ፈሳሽ ይመጠዋል፣ ይበላሻል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ስትሄዱ መሳሪያውን መጥረግ ግዴታ በሆነበት ቦታ ክራር ይዞ መዞር አይቻልም።

በገና ደሞ ሌላ ነው። ዳዊት ለሳኦል በገና ሲደረድር ሳኦል ያርፍ እንደነበር መጽሐፈ ሳሙኤል ላይ ያነበብን ህዝቦች ነን፣ ለታመመ ሰው በገና መደርደር የሚለውን ሃሳብ ማንም ሊያስተምረን አይገባም። አሥሩ ክር ከበግ አንጀት የሚሰራ፣ እንዝራው (በክሩና በመቆሚያው መሃል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ያን የሚነዝር ድምጹን የሚሰጠው መሳሪያ ነው። ቁመቱ ግን ከሜትር በላይ ነው፣ በሁለት አልጋ መሃል አይገባም፣ በዛ ላይ ከጾምና ከጸሎት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቤተሰቡ ሲጠይቅ ነው እንጂ እኔ ተነስቼ የማመጣው አይደለም። ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ በዐቢይ ጾም ወቅት የሚደረድር ሰው ካወቃችሁ አገናኟቸው፣ ያን ቦታ ሃርፕ አይተካውም።

ፈቃድ መጠየቅ የሚለውን እግረ መንገዴን ልንካው። ጾም ላይ ዘፈን የማይፈልግ አለ፣ መዝሙር ብቻ የሚል ፕሮቴስታንት ወገን አለ፣ መሳሪያ ጭራሽ የማይፈልግ ሙስሊም ቤተሰብ አለ፣ መንዙማ ዜማ ብትጫወቺልን የሚሉም አጋጥመውኛል። "እናቴ፣ ትንሽ ልጫወትልዎት? ካልፈለጉ ምንም አይደለም" ብላችሁ በሩ ላይ ጠይቁ፣ አይ ካሉ አመስግናችሁ ውጡ። ታማሚው ሆስፒታል ውስጥ እምቢ ማለት የሚችለው ነገር ትንሽ ነው፣ መርፌውን እምቢ ማለት ይከብደዋል፣ እናንተን ግን ማለት ይችላል፣ ይሄ መብቱ ራሱ ለሱ ጥቅም ነው።

የመሳሪያው መልክም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ፈረንጆቹ ዘንድ ሃርፕ የመላእክት መሳሪያ ነው፣ ከማደንዘዣ የነቃ ሰው ወርቅ የተቀባ ሃርፕ አጠገቡ ሲያይ "ሞቻለሁ እንዴ?" ብሎ ሊደነግጥ ይችላል፣ ይሄ በስራው ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። ስለዚ ትንሽ፣ ቀለሟ ደመቅ ያለ ሃርፕ ጥሩ ናት፣ የኔዋ ቀይ ናት፣ ቀይ ሃርፕ አይቶ ሞትን የሚያስብ ሰው እስካሁን አላየሁም፣ ህጻናት ክፍል ደሞ መንካት ይፈልጋሉ።

ቀለሙን ስትመርጡ የቅቡንም ዓይነት ጠይቁ። ዘይት ብቻ የተቀባ እንጨት ያምራል ግን በየቀኑ በሆስፒታል መጥረጊያ ሲታሽ አይችልም፣ ጠንካራ ቫርኒሽ ወይ ፖሊዩሬቴን የተቀባ ይሁን። ቅርጻ ቅርጽ የበዛበትን ተዉት፣ ስንጥቁ ውስጥ ቆሻሻ ይቀመጣል። ማሰሪያውና ቦርሳው የሚታጠብ ይሁን። እጃችሁን ጄል ከተቀባችሁ በኋላ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ክር አትንኩ። መሳሪያውን አልጋው ላይ አታስቀምጡ፣ መሬትም ላይ አታስቀምጡ፣ የተለየ ጥንቃቄ የሚደረግበት ክፍል ከሆነ አትግቡ፣ ነርሷ ከፈቀደች ከበሩ ላይ ሆናችሁ ተጫወቱ፣ ከበሩ ላይም ይሰማል።

ሚኒሶታና መሰል ቀዝቃዛ ቦታ ለምትኖሩ፣ ክረምት ላይ ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፣ ሳውንድቦርዱ (ክሮቹ የሚያያዙበት ፊቱ) ቀጭን እንጨት ስለሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቤታችሁ እርጥበት የሚሰጥ ማሽን አድርጉ፣ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ በክረምትም በበጋም። ከብርድ ስትገቡ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ትንሽ ይሙቅ፣ ወዲያው አውጥታችሁ ብትቃኙት ተመልሶ ይወርዳል። ወፍራም ቦርሳ፣ እንደ ባክፓክ ሁለት ማንጠልጠያ ያለው፣ ለዚህ ገንዘብ አትሰስቱ፣ ሁለት እጃችሁ ነጻ ሲሆን በር ትከፍታላችሁ፣ ጄል ትቀባላችሁ፣ የሰው እጅ ትይዛላችሁ።

መቃኛው ቱነር ደሞ በማይክ የሚሰማው ሳይሆን መሳሪያው ላይ የሚቆነጠጠው ይሁን፣ ንዝረቱን ከእንጨቱ ነው የሚወስደው፣ ኮሪደር ላይ የሞኒተር ጩኸትና የሰው ወሬ መሃል ትክክል ያነባል። ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ኮሪደር ላይ ቃኙ፣ ለታመመ ሰው የመቃኘት ድምጽ ምቾት የለውም።

ለመግዛት ስትወስኑ መጀመሪያ ተከራዩ። ሃርፕ የሚሸጡ ብዙ ሱቆች ያከራያሉ፣ አንዳንዶቹ የከፈላችሁትን ኪራይ ኋላ ከዋጋው ይቀንሱላችኋል። ጥቂት ወር ይዛችሁ ዙሩበት፣ ትከሻችሁ ይነግራችኋል። ያገለገለ መግዛትም ጥሩ ነው፣ ግን ሳውንድቦርዱ ላይ ስንጥቅ እንደሌለ፣ ከላይ ያለው አንገቱ ወደ አንድ ጎን አለመጠማዘዙን፣ እያንዳንዱ ሌቨር ሲነሳ ድምጹ ጥርት ብሎ ግማሽ ድምጽ መውጣቱን በቱነር አንድ በአንድ አረጋግጡ። ኦንላይን ላይ በጣም በርካሽ የሚሸጡ በሮዝዉድ የተሰሩ የተቀረጹ ሃርፖች አሉ፣ ፎቶ ላይ በጣም ያምራሉ፣ ሮዝዉድ ከባድ እንጨት ነው፣ ሌቨሮቻቸውም ብዙ ጊዜ አይስተካከሉም፣ ለዚህ ስራ አይሆኑም።

መጫወት ለማይችሉ አስታማሚ ቤተሰቦች ደሞ ሪቨሪ ሃርፕ የምትባል መሳሪያ አለች፣ እዚሁ ሚኒሶታ ስቲልዋተር ላይ ሚውዚክሜከርስ ናቸው የሰሯት፣ ክሮቿ በአምስት ድምጽ ስኬል ስለሚቃኙ የቱንም ብትነኩ የሚያስቀይም ድምጽ አይወጣም፣ ታማሚው ራሱ ጭኑ ላይ አድርጎ ሊነካት ይችላል። አምስት ድምጽ ለኛ ጆሮ የቤታችን ነው፣ አንድ አባት ስትሮክ ካገኛቸው በኋላ በደህናው እጃቸው ሲነኳት ቅኝቷን ወዲያው ነው የያዙት፣ ቤተሰቡ ተገርሞ ዝም አለ። ሆስፒሳችሁ አንዷን እንዲገዛ ጠይቁ፣ በእርዳታ ገንዘብ የሚገዙ አሉ።

በመጨረሻ ክር። ሃርፑን የገዛችሁ ቀን አንድ ሙሉ ትርፍ የክር ስብስብ አብራችሁ እዘዙ፣ ለሃርፓችሁ ሞዴል የተዘጋጀውን፣ ምክንያቱም የየክሩ ውፍረት ይለያያል፣ የጊታር ክር አይተካውም። ብዙ ጊዜ የሚበጠሱት ላይኛዎቹ ቀጫጭኖቹ ናቸው፣ እነሱን ሁለት ሁለት ያዙ። ቦርሳ ውስጥ የመቃኛ ቁልፉን፣ ትንሽ መቀስ፣ ትርፍ ክር፣ የቱነር ባትሪ አድርጉ፣ ክር መቀየርንም ቤት እያላችሁ ተለማመዱ፣ አዲስ ክር ለጥቂት ቀን እየላላ ስለሚያስቸግር ስራ ካላችሁበት ቀን ቀደም አድርጋችሁ ቀይሩት። ቅኝቶቹን ሃርፕ ላይ ማግኘት ያስቸገራችሁ ካላችሁ ያላችሁን የሌቨር ዓይነት ጻፉልኝ፣ ከየት እንደምትጀምሩ እነግራችኋለሁ።